ማኖቬላውን የያዘው እጅ

እኔ የመንፈስና የዛር ወሬ ሲነሳ ከሰው መሀል ተነስቼ የምሄድ ሰው ነበርኩ፣ እናቴ ሳትቀር «ይህ ልጅ ብረት ሲነካካ ልቡም ብረት ሆነ» ትለኝ ነበር፣ አሁንም ቢሆን ጣሪያው ኮሽ ባለ ቁጥር ጠበል የሚረጭ ጎረቤት ሳይ ሳቄ ይመጣል። እንዲህ ያለው ሰው እንደሆንኩ ብቻ ያዙልኝና የሆነውን ልንገራችሁ።

ጊዜው ጣሊያን ደብረ ታቦር ላይ ምሽግ ሠርቶ የተቀመጠበት ነው። ጋፋት ላይ ለወታደሩ ጎመንና ድንች የሚያመርትበት የአትክልት ቦታ ነበረው፣ እሱን ለማረስም ሌላ አገር ሲያገለግል የኖረ አንድ አሮጌ ትንሽ ትራክተር አስመጣ። ነጂው አያ አለሙ ነበሩ፣ በዕድሜ አባቴን የሚያህሉ ዝምተኛ ሰው፣ ሞተሩን ከማስነሳታቸው በፊት ክዳኑን፣ ኮፈኑን፣ በመዳፋቸው ሁለቴ መታ መታ አድርገው «በስመ አብ» ይላሉ፣ በቅሎ የሚያባብሉ ነው የሚመስለው። እኔ ደግሞ ተገኘ የምባል፣ ሁለት ዓመት ጋራዥ ውስጥ መፍቻ ሳቀብል ቆይቼ ገና መካኒክ የተባልኩ፣ ጉራዬ ከሙያዬ የሚበልጥ ጎረምሳ ነኝ።

አንድ ሰኞ ትራክተሩ አቅም አጣ፣ ዳገት ላይ አቃስቶ ቆመ። የጋራዡ አለቃ፣ ቁጡ ጣሊያን፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ጠርቶ «ምን ሆነ?» አለኝ። ሞተሩን በእጅ የሚያዞሩበትን ብረት፣ ማኖቬላውን፣ ባዞረው ላላብኝ፣ ሞተሩ አየሩን አምቆ መያዝ አልቻለም። ይህ ከሁለት አንዱ ነው፣ ወይ ፒስተኑን የከበበው ቀለበት፣ ፋሻው፣ ተበልቷል፣ ወይ የአየር ማስገቢያና ማስወጫውን የሚዘጋው ቫልቭ አልገጥም ብሏል። ለመለየት ሁለት ሰው ያስፈልጋል፣ አንዱ ማኖቬላውን አዙሮ አየሩ የሚታመቅበት ላይ ይይዛል፣ ሌላው አየሩ በየት እንደሚያመልጥ ያዳምጣል፣ በዘይቱ ቀዳዳ ከሆነ ፋሻ፣ በጭስ ማውጫው በማርሚታው ከሆነ ቫልቭ። እኔ ግን ሰው ሁሉ እያየኝ ጆሮዬን ደቅኜ ማዳመጥ አላዋቂ የሚያስመስለኝ መሰለኝ፣ ጥቁሩን ዘይት በሁለት ጣቴ አሸት አሸት አደረግኩና ሲሻክረኝ «አሸዋ ነው፣ ፋሻውን በልቶታል» አልኩ።

«ማን ጨመረበት?» አለ አለቃው።

ጣቴን በጨርቅ እየጠረግኩ አቀረቀርኩ፣ ትራክተሩን ከነጂው ሌላ የሚነካው የለም። የዚያን ሰሞን አርበኞች በጉና በኩል ተጠግተዋል ስለሚባል ጣሊያን የገዛ ጥላውን ይጠረጥር ነበር፣ አያ አለሙን እዚያው የኋሊት አስረው ወደ ምሽጉ ወሰዷቸው። ቅዳሜ ጎንደር ሊልኳቸው ነው፣ በዚያ ዓይነት ነገር ጎንደር ተልኮ የተመለሰ ሰው ደግሞ አላየንም። በአጠገቤ ሲያልፉ አዩኝ።

ሐሙስ ዕለት ትራክተሩን እንድጠግን ጋፋት ያለው መጋዘን ውስጥ ብቻዬን ገባሁ፣ ሌላው ሠራተኛ ነገ ደግሞ እኛን ይላሉ ብሎ ሸሽቷል፣ በሩ ላይ አንድ ያገራችን ሰው ዘብ ቆሟል። ጊዜው ቀትር ነው፣ ግን ከጉና የወረደው ጉም በሩን ዘግቶት ዘቡ እንኳ አይታየኝም።

ማርሚታውን ልፈታ ከኋላ በኩል ተጋድሜ ሳለሁ ኮፈኑ ሁለቴ ኳ፣ ኳ አለ፣ የጣሪያ ጠብታ ነው አልኩ። ቀጥሎ ማኖቬላው ሲጢጥ አለ፣ በቀስታ፣ እና ማርሚታው ውስጥ፣ ጆሮዬ ሥር፣ እስስስ የሚል አየር። እመኑኝ፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ፍርሃት አይደለም፣ ሥራው ነው፣ አፌ በልማድ «አንዴ ይያዙልኝ አያ አለሙ» አለ። ተያዘልኝ። ያ አየር በሁለት እስትንፋስ ማለቅ ነበረበት፣ አላለቀም፣ ከሥር ከሥር ተንፏቅቄ የዘይቱን ቀዳዳ ስዳስስ እዚያ ምንም የለም፣ ቫልቭ ነው! ዘይቱን እንደገና አሸሁት፣ የሻከረኝ ነገር ጣቴ ላይ ሟሟ፣ ጥላሸት ነው እንጂ አሸዋ አይደለም።

ያን ጊዜ የጠራሁት ስም ትዝ አለኝ። ከትራክተሩ ሥር ሆኜ ወደ ፊት ባይ፣ ማኖቬላው ተይዞ ቆሟል፣ የቆመ እግር ግን የለም።

ዓይኔን ጨፈንኩ። «አያ አለሙ፣ አሸዋ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ሳላውቅ ነው ያወቅኩ የመሰልኩት፣ ይቅር ይበሉኝ» እያልኩ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። የደከመ ሰው ትንፋሽ ይሰማኛል። እንደ ምንም ወጥቼ ስቆም ማኖቬላው፣ ዓይኔ እያየ፣ ሰው ሲለቀው እንደሚመለሰው ቀስ ብሎ ተመለሰ።

ዘቡን ማን ገባ ብዬ ብጠይቀው «ኧረ ተው ተገኘ፣ እኔ ከበሩ ንቅንቅ አላልሁም። አንተስ ከማን ጋር ነው የምታወራው?» አለኝ።

ሞተሩን ፈትቼ፣ ጠርዙ የተቃጠለውን ቫልቭ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ እየሮጥኩ ምሽጉ ደረስኩ። አለቃውን «ተሳስቻለሁ፣ አሸዋ የሚባል የለም፣ ይኸው» አልኩት። በጥፊ መትቶ ጣለኝ፣ ግን ቫልቩን አገላብጦ አየው፣ ብረት የሚያውቅ ሰው ነውና ሊክደው አልቻለም። ዓርብ ጠዋት አያ አለሙን ለቀቋቸው።

ከምሽጉ በር ጠበቅኳቸው። ከሰኞ ጀምሮ እጃቸው የኋሊት ታስሮ የሰነበተ ሰው ናቸው፣ የቀኝ መዳፋቸው ግን በዘይት ጠቁሯል፣ መሀሉም ገና በትኩሱ ውሃ ቋጥሯል፣ ማኖቬላ ይዞ የቆየ ሰው መዳፍ እንዲያ ነው የሚሆነው።

«አያ አለሙ፣ አንድ የምነግርዎ ነገር...» ብዬ ጀመርኩ።

«ሰምቸሃለሁ» አሉኝ፣ መዳፋቸውን በጋቢያቸው እየሸፈኑ። «ክንዴ እስኪዝል ድረስ ሰምቸሃለሁ፣ ልጄ።»

ከዚያ በኋላ እስኪሞቱ ድረስ አንድ ሰፈር ኖርን፣ ልጃቸውን ሲድሩ ጠርተውኛል፣ ሐዘን ሲደርስብኝ ለቅሶዬ ላይ ተቀምጠዋል፣ ሲሞቱም እኔው አፈር አልብሼአቸዋለሁ፣ አንድም ቀን ግን ነገሩን ደፍሬ አላነሳሁባቸውም። ዛሬም ብቻዬን ሞተር ሥር ገብቼ ከፊት በኩል ኮሽ ካለ ሥራዬን ትቼ አዳምጣለሁ። ያን ጠዋት ሰምቸሃለሁ አሉኝ እንጂ፣ ይቅር ብየሃለሁ አላሉኝም።