መብሩካ «እሺ» ያለችበት ቀን

ይሄ በእውነት የሆነ ነገር ነው። «ፈጠራ ነው» የምትሉ ካላችሁ ሱሉልታ ድረስ ኑና መብሩካን ራሷን ጠይቋት። ብቻ አደራ... ፊቷ «እሺ» የምትለዋን ቃል እንዳትሉ።

ሐምሌ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ጉሙ ወርዶ ከአስፋልቱ ማዶ ያለ ሰው እንኳ አይታይም።

መብሩካ ጨርቅ ሱቋ ውስጥ ተቀምጣ ስልኳን ታያለች። ጎበዝ ነጋዴ ናት፣ አልዋሽም። ግን ያ ስልክ! ስትተኛ አብሯት፣ ስትነሳ አብሯት... ባትሪው ሲያልቅ እሷም አብራ የምታልቅ ነበር የሚመስለው።

ሰፈሩ አመሏን ያውቃል።

«መብሩካ፣ ወንበር ልውሰድ?»

«እሺ።»

«መቀስሽን ልዋስ?»

«እሺ።»

ማን እንደጠየቃት ቀና ብላ አታይም። እኛም እንስቅባት ነበር፣ ምን ያደርጋል!

የአምስት ዓመቷ ልጇ ሚንሃ ግን አትስቅም። ቀኑን ሙሉ ቀሚሷን እየጎተተች፣ «እማዬ፣ እይኝማ!» ትላታለች።

«እሺ... እሺ...»

የዚያን ቀን ባንኮኒው ላይ የሴት ጥላ አረፈ። ፀሐይ በሌለበት ቀን... ጥላ!

«ልጅቷን ልውሰዳት?» አለ አንድ ድምፅ፣ በሹክሹክታ።

«እሺ» አለች መብሩካ። ጣቷ ስክሪኑ ላይ ነበር።

...

የተባለው ነገር የገባት ዘግይቶ ነው። ድምፁን ታውቀዋለች። ግን የማን ነው?

ቀና ስትል ሚንሃ የለችም።

«ያ አላህ! ሚንሃ!» ስልኩን ባንኮኒው ላይ ጥላ ወደ ጎረቤቷ ሱቅ ሮጠች። «ኦቦ ቦሩ! ልጄን አላዩዋትም?»

ሽማግሌው ግራ ገባቸው። «ማል ታቴ? ምን ሆነሻል ልጄ? አሁን አንቺው አይደለሽ እንዴ እጇን ይዘሽ ያለፍሽው?»

«እኔ...?»

«ይሄንኑ ሻርፕ ለብሰሽ። ሰላም ብልሽ ዝም አልሽኝ። ስልክሽ ላይ አቀርቅረሽ ነበር።»

እየጮኸች ወደ ሱቋ ተመለሰች።

ሚንሃ ከባንኮኒው ኋላ ቁጭ ብላለች። የእናቷን ስልክ ይዛለች።

መብሩካ እቅፍ አድርጋ እያለቀሰች ሳመቻት። ልጅቷ እንደ ብረት ትቀዘቅዛለች።

«የት ሄደሽብኝ ነው፣ የኔ እናት?»

«እሺ» አለች ልጅቷ፣ ቀና ሳትል።

ከዚያ ወዲህ ስልኩን ከእጇ የሚያወጣው ጠፋ። ብዪ ሲሏት እሺ። ተኚ ሲሏት እሺ። መብሩካ ስልክ መንካት እርም ብላ፣ ፊቷ ተንበርክካ ትለምናታለች። «እይኝ ልጄ... አንዴ ብቻ እይኝ።»

ባለፈው ሳምንት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ጉሙ እንደገና ወረደ። ልጅቷ ጭኗ ላይ ሆና ስልኩን ታያለች። መብሩካ ፀጉሯን ትጎነጉናለች።

ከውጭ... የትንሽ ልጅ ድምፅ መጣ።

«እማዬ...»

ልጅቷን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ወደ በሩ ዘለለች።

አስፋልቱ ዳር አንዲት ሴት ወደ ጉሙ እየገባች ነው። የመብሩካን ሻርፕ ለብሳለች። አንገቷን ደፍታ፣ ፊቷ ላይ የስልክ ብርሃን ወድቆበታል። አንዲት ትንሽ ልጅ ቀሚሷን ትጎትታለች።

«እማዬ፣ እይኝማ!»

ሴትየዋም በመብሩካ ድምፅ መለሰች።

«እሺ... እሺ...»