ገደል ማዶ የሚያሳይ አፈሙዝ

ጠመንጃ ሠሪው ጋሽ ቢያድግልኝ ደንበኛ አፈሙዝ የሚያስመርጠው ሁልጊዜ በጠዋት፣ ፀሐይ በመስኮቱ በኩል ስትገባ ነበር። ከግድግዳው ላይ አንዱን ያወርድና ውስጡን ዘይት በነካው ጨርቅ ወልውሎ፣ አሸዋ በሞላበት ከረጢት ላይ አጋድሞ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞረዋል። መራጩ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በኋላው በኩል ያያል። በውስጡ እየተጠማዘዘ የሚሄደው ቦይ ካልተበላና በወዲያኛው ጫፍ ብርሃኑ ክብ ሆኖ ከታየው፣ አፈሙዙ ደህና ነው ማለት ነው። አዳኙ ጓዴ ይህን ከአባቱ ጋር እየመጣ ሲያይ ነው ያደገው። የብረቱና የከሰሉ ሽታ ዛሬም ያው ነበር።

ጓዴ ሰደፉን ከወይራ ራሱ ጠርቦ የሠራለት የአደን ጠመንጃው ድኩላ ከመጣል አልፎ አያውቅም፤ ጥይቱ ከቤቱ ፊት ለፊት ያለውን ገደል ተሻግሮ ማዶ ካለው ጥቁር ድንጋይ ሳይደርስ ጉልበቱ ያልቃል። በዚያ ድንጋይ ላይ ደግሞ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ አንድ ነገር ይቀመጣል። ነብር ነው ያሉ አሉ፤ ጅብ ነው ያሉም አሉ። ትልቋ ልጁ ደብሬ እንጨት ልትለቅም ማዶ ተሻግራ ከቀረች ወዲህ ያ ነገር በእሷ ድምፅ ይጣራል። ገደሉን ወዲህ ተሻግሮ አያውቅም። የሚጠራው የጓዴን ትንሿን ልጅ፣ አንጓችን ነው። እናቷ ስለሞተች ያሳደገቻት እህቷ ናት፤ ድምፁን በሰማች ቁጥር እታለሜ ጋ ልሂድ እያለች ታለቅሳለች። ጓዴ እሷን በነጠላ ከቤቱ ምሰሶ ጋር ማሰር ከጀመረ ሰንብቷል። ትናንት ቋጠሮውን በጥርሷ ፈትታ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው የደረሰባት።

የሱቁ መስኮትም ያንኑ ድንጋይ ከጎን ያሳያል። ጓዴ የመጀመሪያውን አፈሙዝ አየበት፤ ዝገት በልቶታል። ሌላኛው ንጹሕ ቢሆንም አጭር ነበር፤ ጋሽ ቢያድግልኝ ራሱ፣ በዚህ ከምትተኩስ ድንጋይ ብትወረውር ይሻልሃል ብሎ ቀለደበት። ጓዴ አልሳቀም። ከበሩ ጀርባ፣ ጥጉ ላይ፣ ሁለቱም ጫፉ በጨርቅ ተወትፎ በሰም የታሸገ ረጅም አፈሙዝ ቆሞ አይቶ ነበር። ሽማግሌው ያ አይሆንህም አለው፤ ጓዴ ስለ አንጓች ነገረው፤ ሽማግሌው ያኔ ሰሙን በቢላዋ ፋቀ።

ከውስጡ የወጣው የዘይት ሽታ አልነበረም። ቅቤ የተቀባ የልጅ ፀጉር ሽታ ነበር። ጓዴ ዓይኑን ሲያስጠጋ ብረቱ ቀዘቀዘው፤ ከቀዳዳው የሚመጣው አየር ግን ለብ ያለ ነበር። በብርሃኑ ክብ ውስጥ ድንጋዩን አየ፤ በድንጋዩ ላይም፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ያን ነገር ጀርባውን ሰጥቶ እንደተቀመጠ አየው። ቀና ብሎ በመስኮቱ ሲመለከት ድንጋዩ ባዶ ነው። ጎንበስ ብሎ ዳግመኛ ሲያይ ፊቱን ወደ እሱ አዙሮ ነበር።

"ይኸኛው ይሁን" አለ ጓዴ።

"የፊተኛው ባለቤቱም እንዲሁ ነበር ያለው።"

ሰውየው አሁን የት እንዳለ ጓዴ ሲጠይቀው፣ ሽማግሌው ቤቱ ተዘግቷል አለና ወደ ሥራው ዞረ። አፈሙዙን ከሰደፉ ጋር ገጥሞ ሲያበቃ ዋጋ አልጠየቀም። ጨርቆቹን መልሶ ከወተፈ በኋላ ብቻ ተናገረ።

"ስማኝ ጓዴ፣ ስትተኩስበት ካልሆነ ሁለቱንም ጫፍ አንድ ላይ እንዳትከፍት።"

"ለምን ጋሼ?"

"አቧራ ይገባዋል" አለው፣ ፊቱን ሳያይ።

ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ጓዴ ጠመንጃውን ደጃፉ ላይ አሸዋ በሞላበት ከረጢት አስደገፈው። በዚያ አገር የጠመንጃ አፍ ወደ ሰው አይዞርም፤ ሲጋደም አፉ ወደ ዱር፣ ኋላው ወደ ቤት ነው። ጓዴ እንዲህ ሲያደርግ አሰበበትም አይባል፤ እጁ የለመደው ነው። ዒላማውን በአፈሙዙ ውስጥ አሻግሮ አይቶ ለማስተካከል ሁለቱንም ጨርቅ ነቀለ፤ የአፈሙዙን ኋላ የሚዘጋውን መቀርቀሪያም አወጣ። ከጀርባው፣ ከጨለማው ቤት፣ አንጓች ታለቅሳለች። ያ ነገር ድንጋዩ ላይ ነበር። ደረቱን ሰጥቶ፣ ሳይነቃነቅ፣ ክቡ መካከል ላይ ተቀምጧል። ጓዴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስፋ አደረገ። ዝናሩን ከአጥሩ ላይ ሊያወርድ ተነሣ።

ጀርባውን እንደሰጠ፣ ከማዶ በኩል በአፈሙዙ ውስጥ ሰው የሚነፋበት ይመስል ቀጭን ፉጨት ሰማ፤ ፉጨቱ እየቀረበ፣ እየወፈረ መጥቶ ቀጥ አለ። የቅቤው ሽታ ደጁን ሞላው። ሮጦ ተመልሶ በቀዳዳው አየ። ድንጋዩ ባዶ ነበር። ቀና ብሎ በባዶ ዓይኑ አየ፤ ባዶ ነው። ያን ምሽት ማንም አልተጣራም። የአንጓችም ልቅሶ ቆመ፤ በዝምታው ውስጥ፣ ነጠላ ከምሰሶ ላይ ቀስ ተብሎ ሲፈታ የሚያሰማው ድምፅ ብቻ ነበር።

"አባዬ" አለችው ልጁ ከውስጥ፣ በተረጋጋ ድምፅ፣ "እታለሜ ገብታለች፤ አሁን በሩን ዝጋው።"