የግራው የኋላ ጎማ

የነጂው አስከሬን ተነሥቶ ከሄደ በኋላም መርማሪዋ ከመሞከሪያው መንገድ ዳር ቁጢጥ እንዳለች ቀረች። ባልደረቦቿ «ጆሮ» ይሏታል፤ ከምትናገረው የምትሰማው ስለሚበልጥ። አሁን ግን ከፊቷ ያለው ሰው ሳይሆን የተበጣጠሰ ጎማ ነው። አንዱን ቁራጭ አነሣችና ውስጡን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። ላስቲኩ በሞረድ እንደተፋቀ ሁሉ ዙሪያውን ተልጧል፤ ጣቷም በጥቁር ዱቄት ተለወሰ። ቁራጩን ከረጢት ውስጥ ከተተችው።

መኪናው ለመብረር ጥቂት የቀረው ዓይነት ነበር። ለእንዲህ ያለ ፍጥነት ሞተር መሥራት የሚችል ሞልቷል፤ ጭንቁ ጎማው ነው። ሲሽከረከር ወደ ውጭ ይለጠጣል፣ ይግላል፤ ትንሽ አየር ከጎደለው ደግሞ የገዛ ሙቀቱ ይበላዋል። ይህን ጭንቅ ለዓመታት የተሸከሙት፣ ሠራተኛው ሁሉ «ጋሼ» የሚላቸው ዋናው የጎማ መሐንዲስ ናቸው። ሟቹ የአንድያ ልጃቸው ባል ነበር።

በመጀመሪያ ያነጋገረችው እሳቸውን ነው። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ድምፃቸው ግን አልተንቀጠቀጠም። በሙከራው ሰዓት የጎማዎቹን አየር በስክሪን ይከታተሉ የነበሩት እሳቸው ብቻ እንደነበሩ፣ መኪናው ላይ የነበረው መለኪያ መሣሪያ በግጭቱ ስለተሰባበረም የቀረ ማስረጃ እንደሌለ ነገሯት።

«አየሩ እስከ መጨረሻዋ ቅጽበት ሙሉ ነበር» አሏት። «ድንገት ነው የፈነዳው። ጎማ እኮ እንደ ሰው ነው፤ አንዳንዱ ሳይታመም ይሄዳል።»

ጎማዎቹን የገጠመው ጎሚስታ እንባውን መቆጣጠር አቅቶት ነበር። ጣት ሁሉ የሚቀሰረው ወደ እሱ ነው። በፈነዳው የግራ የኋላ ጎማ ቸርኬ ላይ፣ የአየር መሙያው አፍ የተከደነው በተሰነጠቀ የፕላስቲክ ክዳን ነበር፤ የሦስቱ ግን ውስጡ ላስቲክ ያለው የብረት ክዳን ነው። እሱ አራቱንም በብረት እንደከደነ ማለላት። ከዚያ በኋላ ጋሼ እንደ ልማዳቸው እየዞሩ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእጃቸው ዳስሰዋል፤ ሁለተኛው ነጂም እዚያው አካባቢ ነበር።

ሁለተኛው ነጂ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። ባለፈው ዓመት ታላቅ ወንድሙ በዚሁ መንገድ ላይ፣ ጎማ ፈንድቶበት ሞቷል። የሟቹን ቦታ ይመኝ እንደነበር አልደበቀም። ሊወጣ ሲል ግን በሩ ላይ ቆም አለ።

«ጠዋት አንድ ነገር ብሎኝ ነበር» አላት። «‹ከሙከራው በኋላ ስለ ወንድምህ አሟሟት የምነግርህ አለኝ› አለኝ። ጋሼም አጠገባችን ነበሩ። ቀና ብለው አዩን።»

በመጨረሻ የገባችው የሟቹ ሚስት ነበረች። ከባሏ ጋር በሬዲዮ የምትነጋገረው እሷ ናት። ጆሮ አላጣደፈቻትም።

«‹ከኋላ እየዋለለብኝ ነው፣ ጎማውን እዩልኝ› አለኝ» አለች ሴትየዋ። «እኔም... ቀጥል አልኩት።»



ከሰዓት በኋላ ሁሉም በጎማ መገጣጠሚያው ክፍል ተሰበሰቡ። ጆሮ የጎማውን ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«አየር ሞልቶት ድንገት የፈነዳ ጎማ ውስጡ እንዲህ አይፋቅም» አለች። «ይህ አየሩ ወጥቶበት፣ ጎኑ እየታጠፈ፣ ከራሱ ጋር እየተፋተገ የሮጠ ነው። ነጂው ዋለለብኝ ያለውም ለዚህ ነው።»

ቀጥላም አየሩ በየት እንደወጣ አስረዳቻቸው። አየር መሙያው ውስጥ በስፕሪንግ የተያዘች ትንሽ መርፌ አለች። መኪናው ቆሞ ሲለካ አፉን ትዘጋለች፤ ስለዚህ ጎሚስታው ሲለካ ሁሉም ልክ ነበር። በዚያ ፍጥነት ግን ሽክርክሪቱ መርፌዋን ገፍቶ ይከፍታታል፤ ያኔ አየሩን የሚይዘው የብረቱ ክዳን ብቻ ነው። በፕላስቲክ ከተቀየረ ጎማው ቆሞ ደህና ይሆንና መንገድ ላይ ይተነፍሳል።

ሁለተኛው ነጂ ጎሚስታውን ገላመጠው።

«ክዳኑ ብቻውን አይገድልም» አለች ጆሮ። «አየር ሲጎድል ስክሪኑ ላይ ይታያል። ነጂው ‹ቀንስ› ቢባል ኖሮ ፍሬን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር። እንግዲህ ክዳኑን የቀየረው ሰው፣ ስክሪኑ ፊት የተቀመጠው ሰው ዝም እንደሚል እርግጠኛ መሆን ነበረበት። እንዲህ እርግጠኛ የሚሆነው ደግሞ እዚያ የሚቀመጠው ራሱ ብቻ ነው።» ወደ ሟቹ ሚስት ዞረች። «እህቴ፣ ቀጥል ያልሽው ከራስሽ ነው?»

ሴትየዋ ቀስ ብላ አባቷን አየቻቸው።

«አባዬን ጠየቅኩት» አለች። «‹ሙሉ ነው፣ ቀጥል በይው› አለኝ።»

ጋሼ የጎማውን ቁራጭ ወደ ራሳቸው ሳቡት። ሲናገሩ ለማንም የሚናገሩ አይመስሉም ነበር። ባለፈው ዓመት የፈነዳው ጎማ ንብርብሩ መላቀቁን ከሙከራው በፊት በራጅ አይተው፣ ቀኑ እንዳይተላለፍ ብለው አሳልፈውታል። ዘንድሮ አማቻቸው ከዚያው ጊዜ የተረፈ ጎማ ቆርጦ ጉዱን አየ። ራሳቸው እንዲናገሩ ለመናቸው፤ ካልሆነ ግን ከዛሬው ሙከራ በኋላ እሱ እንደሚናገር ነገራቸው።

«ዕድሜዬን ያፈሰስኩበት ሥራ ነው» አሉ። «በአንድ ጎማ ሊጠፋ ነበር።»

ሁለተኛው ነጂ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ልጃቸው ግን አላለቀሰችም።

«እሱንስ ገደልከው» አለች ድምፅዋን ሳታነሣ። «እኔን ለምን አስናገርከኝ?»

 በሩ ላይ የቆሙ ሁለት ፖሊሶች ጋሼን ግራና ቀኝ ይዘው ሲያወጧቸው ጎሚስታው መንገድ ለቀቀላቸው፤ ከልማድ ብዛት ጎንበስ ሊል ሲል ራሱን ያዘ። ልጅቱ ዞራ አላየቻቸውም።

ሁለተኛው ነጂ ተነሥቶ አጠገቧ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ።  ጆሮ ጥቂት ቆማ አየቻቸውና በሩን ቀስ ብላ ዘግታላቸው ወጣች።