«ተገላገልኩ» ያላለው ገጽ

የኩለሱም አስከሬን፣ ናይሮቢ ሳውዝ ሲ ሰፈር ውስጥ ከምትኖርበት ሕንጻ ሥር፣ በአንሶላ ተሸፍኖ ነበር። ከአራተኛው ፎቅ በረንዳ የወደቀችው ጎህ ሲቀድ፣ የመስጊዱ አዛን ገና ሳያልቅ ነው። ዘበኛው የመውደቋን ድምፅ ሰምቶ ቢሮጥም በሕይወት አልደረሰባትም።

ኢንስፔክተር ሙርሺዳ አንሶላውን ገለጥ አድርጋ አየችና መልሳ ሸፈነቻት። ሙርሺዳ የሞያሌ ልጅ ናት፤ ናይሮቢ ፖሊስ ውስጥ አማርኛ የሚጠይቅ ጉዳይ ሁሉ ወደ እሷ ይላካል። ሰው ሲያለቅስ እጁን እንጂ ዓይኑን አታይም፤ እንባማ ማንም ያፈሳል ባይ ናት።

ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት በብርጭቆ ተጭኖ ነበር። ጽሑፉ የኩለሱም ነው።

«ሰለቸኝ። ላሚያም ጮኸችብኝ፤ ልጄ ፊቷን አዞረችብኝ። ከዚህ በላይ አልችልም። ልሄድ ነው።»

«ራሷን ነው ያጠፋችው፤ ምን ይመረመራል?» አለ ኑሬ። ኩለሱም የላሚያ አባት ከሞተ በኋላ ያገባችው ሰው ነው። «ለሱብሂ ሶላት ስወጣ ተኝታ ነበር። ወረቀቱንም ወንድሟ ሲያነበው ነው የሰማሁት። እኔ እዚሁ ኬንያ፣ ኢሲዮሎ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ አማርኛን አፌ እንጂ ዓይኔ አያውቀውም።»

ወንድሟ ኢልያስ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። «እህቴ ስትወድቅ አዛን እያልኩ ነበር» አለ። ይህን መጠራጠር አይቻልም፤ ድምፁን ሰፈሩ ሁሉ በማጉያው ሰምቶታል።

የሟች ልጅ ላሚያ ሶፋው ጥግ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች።

«አንቲ፣ ትናንት ተጣላን። 'ሊቭ ሚ አሎን' አልኳት። እኔ ነኝ የገደልኳት?»

ሙርሺዳ አጠገቧ ተቀመጠች። መልሱን ግን ገና አልያዘችም።

«ስለ ደብተሩ ንገሪኝ፣ የኔ እናት።»

«ባባ ሲሞት ማማ እንቅልፍ የላትም ነበር። ካውንስለሯ 'የሚያምሽን በእጅሽ ጻፊው' አለቻት። ኤቭሪ ናይት ትጽፋለች። ስትጨርስ ሰዋ፣ ደህና ትሆናለች፤ ፊቷ ይፈታል፣ ትተኛለች። እኔ ፊደል አላውቅም፤ ፊቷን ብቻ ነው የማነበው።»

ሙርሺዳ ወረቀቱን ዘቅዝቃ ሰጠቻት። ላሚያ እንደተሰጣት ይዛ እንባዋን አፈሰሰችበት። ቀጥሎ ሙርሺዳ ያንኑ ወረቀት እንደዚያው ዘቅዝቃ ለኑሬ ዘረጋች።

«የእሷ ጽሕፈት ነው?»

ኑሬ ተቀብሎ አዙሮ ያዘውና «ይመስለኛል» ብሎ መለሰላት።

ከዚያ ሙርሺዳ ከደብተሩ ጋር መኝታ ቤት ብቻዋን ተቀመጠች። ኩለሱም ኢስሊ ገበያ ጨርቅ ስትሸጥ፣ በካርቦን ደረሰኝ ስትቆርጥ የኖረች ነጋዴ ናትና ብዕሯን ተጭና ነው የምትጽፈው፤ የወረቀቱን ጀርባ ባዶ ትተወዋለች። የጻፈችው ሁሉ በእሮሮ ይጀምራል። እየወረደ ሲሄድ ግን ይረጋጋል፣ አንዳንዴም ይቀልዳል። ሙርሺዳ ገጾቹን እየገለጠች ሳለ እጇ በድንገት ቆመ። ደብተሩን ወደ መስኮቱ አዘነበለችና ረጅም ጊዜ አየችው።

የእኩለ ቀኑ የዙሁር ሶላት ሳይደርስ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆሙ።

«ኩለሱም ምንም ያህል ብትከፋ፣ ጽፋ ስትጨርስ 'ተገላገልኩ' ብላ ትዘጋለች» አለች። «በዚህ ቃል ያልተዘጋ አንድ ጽሑፍ ብቻ አለ፤ የትናንት ማታው።»

«መገላገል አቅቷት ነዋ!» አለ ኑሬ።

«ወይም ቀሪው ተወስዶ። ደብተሩ በክር የተሰፋ ነው፤ አንድ ቅጠል ሲገነጠል ማዶ ያለው ጓደኛው ይላላል። እዚህ የላሉት ሁለት ናቸው። ጠረጴዛው ላይ የተገኘው ግን አንድ። ሁለተኛው የታለ?»

ሙርሺዳ የሦስቱንም እጅ በየተራ አየች።

«የወሰደው ሰው 'ልሄድ ነው' የሚለው ላይ መቆም እንዳለበት ያውቃል፤ ስለዚህ ፊደል ያነባል። ላሚያ ወረቀቱን እንደተዘቀዘቀ ነው የያዘችው። ኢልያስ ያነባል፤ እሱ ግን መስጊድ ነበር። ዓይኔ አያውቀውም ያሉት እርስዎ ግን ገና ሲቀበሉኝ አቀኑት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእርስዎስ ሳያድር ቀለለ።»

ኑሬ ሳቅ አለ። «ወረቀት ስላዞርኩ ልታስሪኝ ነው?»

«የለም፤ የምታሳስርዎት ኩለሱም ራሷ ናት።»

ሙርሺዳ ከተገነጠሉት ቀጥሎ ያለውን ባዶ ገጽ ወደ ብርሃኑ አዘነበለች። የከባዷ እጅ ብዕር ወረቀቱን አጎድጉዶት ነበር። ቀስ ብላ አነበበችው።

«'...ወደ ሞያሌ፣ እናቴ ጋ። ኑሬን ፍታኝ ስለው፣ ከዚህ ቤት በእግርሽ አትወጪም አለኝ። ይበል። ላሚያ ብትጮህብኝም ልጄ ናት፤ ነገ ቁርስ ላይ እንታረቃለን። ተገላገልኩ።'»

ኑሬ ተፈናጥሮ ተነሣ፤ ፖሊሶቹ ግን ቀደሙት። «በሰው ፊት ልታዋርደኝ ነበር!» እያለ ይዘውት ወረዱ።

ኢልያስ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «እኔ ሰው ለሶላት ስጠራ፣ እሱ እህቴን እየወረወራት ነበር» አለ።

ላሚያ ከሶፋው ተነሥታ መጣች።

«አንቲ፣ በእኔ አይደለም?»

«በአንቺ አይደለም። ታርቃሽ ነው የተኛችው።»

«ያ ላስት ወርድ... የቱ ነው?»

ሙርሺዳ የልጅቷን ጣት ይዛ ጎድጓዱ ላይ አኖረችላት። ከመስጊዱ የዙሁር አዛን ተሰማ፤ የሚያሰማው ሌላ ሰው ነበር። ላሚያ ማንበብ አትችልም፤ ግን ቃሉን ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው በጣቷ ሄደችበት፣ ከዚያም እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።