ደሪቱ የሸተታት ፓፓያ

ውሸት ነው የምትሉ አሁኑኑ ውጡልኝ። በገዛ ሚስቴ የደረሰውን ነው የማወራው። ለላይክ ብዬ አይደለም።

ጊዜው 2003፣ ኅዳር። ቀትር፣ ስድስት ሰዓት። ቦታው ከሳሊተ ምሕረት ጀርባ ያለ፣ ፓፓያ የሚበቅልበት ላስቲክ ቤት።

መሬቱ የአባቴ ማሳ ነበር። ከተማው ሰፋ፣ ማሳው ተወሰደ፣ እኔ ጉቱ በአባቴ መሬት ላይ ዘበኛ ሆኜ ተቀጠርኩ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

አለቃዬ ዶክተር ረታ ይባላል። ተክልም እንደ ሰው ሆርሞን አለው አሉ። እሱ ዘረመሉን ነካክቶ የፓፓያውን ሆርሞን አበዛው፣ ምርቱ እጥፍ ድርብ እንዲሆን። ዛፉ ከጉልበቴ አያልፍም፤ ፍሬው ግን ግንዱን ሸፍኖታል።

አበባ አይቼበት አላውቅም...

ሚስቴ ደሪቱ ምሳዬን ይዛ መጣች። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። በሩ ላይ ቀጥ አለች።

«ጉቱ... ሸተተኝ።»

በእኛ ዘንድ ነፍሰ ጡር የሸተታትን አትከለከልም። ከተከለከለች ፅንሱ ይወርዳል። ዶክተሩን ለመንኩት።

«እባክዎ፣ ትንሽ ትቅመስ።»

«በሰው አልተሞከረም! የባላገር ወሬህን ለራስህ!» ብሎኝ መኪናውን ወደ ቦሌ ነዳ።

ወግድ! ለሱ ፍሬ ብዬ ልጄን ልጣ? ትልቁን ቆረጥኩላት።

ከነልጣጩ በላችው።

«ጣፈጠሽ?»

«ይሞቃል» አለችኝ።

በማግስቱ እህል አልቀምስም አለች። ውሃ ብቻ። ሆዷ ቀሚሷን ወጠረው። ፀሐይ በዞረች ቁጥር ወንበሯን ይዛ ትዞራለች...

«ልጁ ይራገጣል?»

«ዝም ብሏል... አድጓል ግን።»

ፈራሁ። በጣም ፈራሁ። ሮጬ ለዶክተሩ ነገርኩት። ይሰድበኛል ስል ፊቱ አመድ መሰለ።

«ውሃ ሰጥተሃታል?» አለኝ በሹክሹክታ።

«አዎ...»

«ወይኔ!»

በመኪናው ቤቴ ደረስን። የውሃው በርሜል ተገልብጧል፣ ጠብታ አልቀረበትም። ደሪቱ ግቢው መሃል ቆማለች። እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ውስጥ ገብቷል። ቀሚሷን ወደ ላይ ሰብስባዋለች።

ሆዷ በፀሐዩ በኩል ቢጫ ሆኗል።

«ሐኪም ቤት እንውሰዳት!» ብዬ ጮህኩ።

ዶክተሩ ወደ መኪናው ሮጠ። የመኪናውን የኋላ በር ከፈተ።

«ልጄስ? ዶክተር... ልጄስ?»

የፍሬ ሳጥን አውርዶ እግሯ ስር አስቀመጠ። ከዚያ ተንበርክኮ ጭድ ይጎዘጉዝበት ጀመር...

ደሪቱ ፈገግ ብላ ትጠብቀዋለች።