ያልተፈተገው ጫፍ

ደምለው የበየደው ቧንቧ አፈሰሰ፤ ጥፋቱ ግን የዘይዳ ነበር።

የሞጣው ዘይት መጭመቂያ ሠራተኞች ተሰብስበው ያያሉ። የዘይዳ አባት፣ በያጁ አቶ ይማም፣ ቧንቧውን በብስክሌት መንፊያ አየር ሞሉና ብየዳው ላይ የእንዶድ አረፋ ቀቡ። አረፋው ዝም ካለ ደምለው ይቀጠራል፤ ከተንፈቀፈቀ ወደ መጣበት ቢቸና ይመለሳል። የመጭመቂያው ባለቤት ሐጂ ከሊፋ የቆረጡት ነገር ነው።

አረፋው ተንፈቀፈቀ።

«እንፋሎት የሚያልፍበት ቧንቧ ነው ወይስ ወንፊት?» አሉ ሐጂ ከሊፋ። «ነገ በጭነት መኪናው ይሂድ።»

የቧንቧውን ጫፍ ማጽዳት የዘይዳ ሥራ ነው። የኑግ ዘይት የነካው ብረት በአመድና በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ካልተፈተገ፣ ዘይቱ በእሳቱ ተቃጥሎ ብየዳው ውስጥ የመርፌ ቀዳዳ ይተዋል። ሦስት ዓመት ፈትጋለች። ደምለው ሙያውን ሊማር የመጣው በዚህ በ1964 መስከረም ነው፤ በጥቅምት አባቷ መበየጃውን አስያዙት። እሷ ልያዘው ብላ ስትጠይቃቸው ግን መልሳቸው «በእሳቱ ዓይንሽን ላጥፋው?» ነው። ትናንት ደግሞ ስለ ደምለው «እጁ ቁርጥ የኔን» ሲሉ ሰማች። ዛሬ ጠዋት ጫፉን በጨርቅ አበስ አድርጋ ሰጠችው።

ዘይዳ ስትገባ ደምለው የወርክሾፑ ጓዳ ውስጥ ልብሱን ይጠቀልላል።

«የቄስ ልጅ ቀጥቃጭ ሊሆን ሄዶ፣ እሱም አቃተው ይሉኛል» አለ፣ ለመሳቅ እየሞከረ። «በይ እንግዲህ፣ ቦታው ላንቺ ቀረልሽ።»

«ማን ሊሰጠኝ!»

«እኔ ብሆን እሰጥሽ ነበር። ቧንቧ እንዳንቺ የሚፈትግ ሰው አላየሁም።»

ቢሰድባት ይቀላት ነበር።

ቤት ስትደርስ አቶ ይማም እጃቸውን እየታጠቡ ነው።

«አባባ፣ ጫፉን አልፈተግሁትም። ሆን ብዬ ነው።»

አልዞሩም። «ምን በድሎሽ?»

«እሱማ ምንም። የበደሉኝ እርስዎ ነዎት።»

አቶ ይማም የውሃውን ጣሳ አስቀመጡ።

«ለእኔ መናገር ቀላል ነው» አሉ። «ሐጂ ከሰሙ ግን ወርክሾፑን ዳግመኛ አትረግጪውም።»

«አውቃለሁ።»

«እኔም አብሬሽ አልሄድም።»

«ይምጡ አላልኩም።»

ሻርፗን ከምስማሩ ላይ አወረደች። ቅናቱ አልለቀቃትም፤ ነገ መበየጃውን የሚይዘው እሱ ነው፣ እሷ ምናልባት አመድ እንኳ አትነካም። እንዲያም ሆኖ ሐጂ ከሊፋ ዘንድ ልትሄድ ወጣችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።