ለሙሪየልና ለኤዲት

ሮዌና የአያቷን በር ስትከፍት ምንጣፉ ላይ ሁለት ነጭ ፖስታዎች ወድቀው አገኘች። ሁለቱም ወፈር ያሉ ናቸው፤ ጥጋቸው ላይ የገዥው ፓርቲ ምልክት ታትሟል። አንዱ «ለወይዘሮ ሙሪየል ደግልቢ» ይላል፤ ሌላው «ለወይዘሮ ኤዲት ደግልቢ»። አድራሻው አንድ ነው። ሙሪየልም ኤዲትም አንድ ሰው ናቸው፤ ወጥ ቤት ቁጭ ብለው ሻይ እስኪፈላ የሚጠብቁት አያቷ።

«ፖስተኛው ምን አመጣ?» አሉ ከውስጥ።

አያቷ ዐይናቸው ከደከመ ሁለት ዓመት አልፎታል። የሰው ፊት ሲያዩ ዳር ዳሩ ይታያቸዋል እንጂ መሐሉ ጭጋግ ነው፤ ፊደልማ ጨርሶ ጠፍቶባቸዋል። ስለዚህ ሮዌና በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጎራ እያለች ደብዳቤያቸውን ታነብላቸዋለች። የመብራት ክፍያ፣ የሐኪም ቀጠሮ፣ የአትክልት ዘር ማስታወቂያ፣ ሁሉንም። «አትዝለዪብኝ» ነው የሚሏት ሁልጊዜ፤ «የሚዘለለውን እኔ ልምረጥ።» እሷም አንድ ቀን እንኳ ዘልላ አታውቅም።

«ድምፅ መስጫው መጣ አያቴ» አለች። «አንድ ፖስታ ነው።»

ለምን አንድ እንዳለች ራሷም አላወቀችም። ቃሉ ካመለጣት በኋላ ግን የኤዲትን ፖስታ ደብተር ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ነበር።

ጊዜው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የ2019 ሐምሌ ነው። አገሪቱ በሪፈረንደም፣ በሕዝብ ድምፅ፣ ከአውሮፓ ኅብረት ትውጣ ከተባለ ሦስት ዓመት ሞልቷል፤ አወጣጡ ላይ ግን እስካሁን ስምምነት የለም። ጠቅላይ ሚኒስትሯ በቃኝ ብለዋል። ተተኪውን የሚመርጡት ደግሞ ሕዝቡ በሙሉ ሳይሆን የገዥው ፓርቲ አባላት ብቻ ናቸው። ሮዌና በምትኖርበት በብሪድሊንግተን፣ በዚያች የወደብ ከተማ፣ በአያቷ መንገድ ላይ ካሉት ሠላሳ ምናምን ቤቶች ውስጥ አባል የሆነ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው። እሳቸውም ወይዘሮ ሙሪየል ናቸው።

አያቷ አባል የሆኑት ፖለቲካ ወደው አይደለም። በልጅነታቸው የከተማው ምርጥ የጭፈራ ወለል የነበረው የፓርቲው ክበብ ውስጥ ነው፤ ለቅዳሜ ጭፈራ ገቡ፣ እዚያው ባል አገኙ፣ በዚያው ቀሩ። አሁን ጭፈራው ቀርቶ ማክሰኞ ማክሰኞ ካርታ ይጫወታሉ፤ ቁጥሩ በትልቁ የታተመ ካርታ ተገዝቶላቸዋል፤ እሱንም ወደ ዐይናቸው ዳር አስጠግተው ነው የሚለዩት። ከሳምንቱ ውስጥ ከቤት የሚወጡበት ቀን ያ ብቻ ነው።

ድምፅ መስጫው መምጣቱ እንደተሰማ የአያቷ ወጥ ቤት ሰው ይርመሰመስበት ጀመር። ጎረቤታቸው ሚስተር ሆሬስ የእንጆሪ ማርማላታ ይዘው መጥተው ወረቀቱ ላይ ከላይ ስላለው ስም አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩ። በማግስቱ የቤተ ክርስቲያኑን አበባ የሚያሰናዱት ሴትዮ በሎሚ ኬክ የታችኛውን ስም እንዲመርጡ ሊያሳምኑ ብቅ አሉ። አያቷ ሁሉንም «እስቲ አስብበታለሁ» እያሉ ኬኩን በሉ፤ እንግዳው ሲወጣም ልደታቸውን አስታውሶ የማያውቅ ሰው እንዲህ መመላለሱ ገርሟቸው ሳቁ።

የተፎካካሪዎቹን ስም እዚህ ማንሳቱ ለእኛ ምንም አይጠቅመንም። የላይኛው ስምምነት ኖረም አልኖረም በጥቅምት መጨረሻ እንወጣለን ባይ ነው። የታችኛውም እንወጣለን ይላል፤ ስምምነቱ ሊቋጭ ከተቃረበ ግን ጥቂት ቀን ብንጨምር ምን አለበት ባይ ነው። ለብዙ ሰው ልዩነቱ ይህን ያህልም አልነበረም። ለሮዌና አባት ግን የእንጀራውና የጀልባው ጉዳይ ነበር።

አባቷ ግሌን፣ ሎብስተር የሚባለውን ባለ መቆንጠጫ የባሕር እንስሳ ያጠምዳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሮዌና ወደቡ ላይ አብራው ትሠራለች፤ እሱ ከወጥመዱ ያወጣል፣ እሷ መቆንጠጫቸውን በላስቲክ ታስራለች። ብሪድሊንግተን ውስጥ ሎብስተር የሚበላ ሰው ጥቂት ነው። ሁሉም ከነሕይወቱ በእርጥብ ሳጥን ይታሸግና በጭነት መኪና ወደ ስፔን ይሄዳል።

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት አባቷ አንዱን ሎብስተር ከሳጥኑ አንሥቶ ለረጅም ጊዜ አየው።

«ያለ ስምምነት ከወጣን ድንበር ላይ ወረቀት ይፈተሻል፤ ይሄ ደግሞ እስኪፈተሽ አይጠብቅም» አለ። «ወደቡ ላይ አንድ ቀን ካቆሙት አለቀለት። የሞተ ሎብስተር ደግሞ ስፔን ይቅርና እዚህም የሚነካው የለም።»

«አንተ ግን እንውጣ ብለህ አልነበር የመረጥከው?»

«ነበር። እንውጣ አልኩ እንጂ በሩን ጥርቅም አድርገን እንውጣ አላልኩም።»

ታዲያ ለአያቴ ለምን አትነግራቸውም ብላ ጠየቀችው። አባቷ ከት ብሎ ሳቀ።

«አማቴን ማንን ይምረጡ ልበላቸው? ሃያ ዓመት በሰላም የኖርነው እንዲህ ያለ ነገር አንሥተን ስለማናውቅ ነው። ድምፅ የሰው ገመና ነው፤ አይጠየቅም።»

ሮዌና እጁን አየችው፤ ላስቲኩን ሊያቀብላት ሲል ሁለት ጊዜ ጣለው። አንጀቷን በላት።

ሁለት ፖስታ የመጣበትን ምክንያት ያወቀችው ቀደም ብላ ነው። ጥፋቱ የራሷ ነበር። አያቷ የተጠመቁበት ስም ኤዲት ሙሪየል ነው፤ እንደ ብዙ የዕድሜ እኩዮቻቸው ግን የሚጠሩት በሁለተኛው ስማቸው ነው። ኤዲት የሚላቸው ባንኩና ሆስፒታሉ ብቻ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ክበቡ አባልነታችሁን በኢንተርኔት አድሱ ሲል ቅጹን የሞላችው ሮዌና ናት፤ ስሙን ከባንክ ካርዱ ላይ ገለበጠችው። ኮምፒውተሩ አዲስ አባል የመጣ መስሎት ኤዲትን መዘገበ፤ ሙሪየልም ከድሮው መዝገብ አልወጡም። እንዲህ ሆኖ ነው አንዲት አሮጊት ሁለት ሰው የሆኑት።

ያን ቅዳሜ ቀትር ላይ ነገሩን ለጓደኛዋ ለኬዛያ ስትነግራት ኬዛያ የምትበላውን ሳንድዊች አስቀመጠች።

«አትቀልጂ! እና ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ሁለቴ የመረጠ ከአባልነት ይሰረዛል ይላል እኮ ወረቀቱ።»

«ማን ያውቃል? አልሰረቅሽም፣ ራሳቸው ናቸው የላኩት። ሪፈረንደሙ ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመታችን ነበር ሮ። ማን ጠየቀን? አሁንስ ማን ይጠይቀናል? ፋራ አትሁኚ፣ ሙይውና ላኪው።»

ኬዛያ ያለችው ሁሉ ውሸት አልነበረም፤ ችግሩም እሱ ነው። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሮዌና ክፍሏን ዘግታ የኤዲትን ፖስታ ከፈተች። ከታችኛው ስም ጎን ባለው ሳጥን ውስጥ በሰማያዊ ብዕር ኤክስ አደረገች። መጀመሪያ ደስ አላት። ወዲያው ግን የማክሰኞው ካርታ ጨዋታ ትዝ አላት፤ ቢነቃባቸው ክበቡ አያቷን እንደሚሰርዛቸው፣ እሳቸውም ለምን እንደተሰረዙ እንኳ እንደማያውቁ አሰበች። ፖስታውን አሽጋ መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አልላከችውም፤ አልቀደደችውምም።

እሑድ ከምሳ በኋላ አያቷ ጠረጴዛውን ጠረጉና ብዕር እንድታመጣ ነገሯት።

«በይ ይሄን ነገር እንገላገለው። ሰው ኬክ ይዞ ሲመጣ ክብደት ጨመርኩ። መጀመሪያ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አንብቢልኝ።»

ሮዌና ወረቀቱን ሁሉ አነበበች። ሁለቱን ስሞች አነበበች። «ሁለት ጊዜ ድምፅ የሰጠ አባል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ስታነብ ድምፅዋ ወረደ።

«የላይኛው ላይ አድርጊልኝ» አሉ አያቷ።

ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ቆመ።

«ምነው? ቀለሙ ደረቀ?»

«አይ።» ሮዌና ከወንበሩ ሥር ቦርሳዋን ሳበችና ሁለተኛውን ፖስታ አውጥታ አያቷ እጅ ላይ አኖረችው። «ፖስታው አንድ አልነበረም አያቴ። ሁለት ነበር። ይሄ ለኤዲት የመጣ ነው።»

ከዚያ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የባንክ ካርዱን፣ የኢንተርኔቱን ቅጽ፣ ቅዳሜ ያደረገችውን ኤክስ። አያቷ ፖስታውን በጣታቸው እየዳበሱ ሰሙ።

«እናቴ ኤዲት የምትለኝ ስትቆጣኝ ብቻ ነበር» አሉ በመጨረሻ። ከዚያም ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ፤ በዳሩ ሊያዩዋት ነው። «ሮ፣ ሌላስ አለ? በእነዚህ ሁለት ዓመታት ሳታነቢልኝ የቀረሽው ነገር?»

ሮዌና ቁጣ ነበር የጠበቀችው። ቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር። ከዚህ ጥያቄ በኋላ ግን ያነበበችው እያንዳንዱ ደብዳቤ ምስክር እንደሚፈልግ አየች፤ ምስክር ደግሞ የለም።

«የለም አያቴ። እመኑኝ፣ ይሄ ብቻ ነው።»

አያቷ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እሺ። ኤዲት ማንን መረጠች?»

«የታችኛውን።»

«ለምን?»

ሮዌና ስለ ሎብስተሮቹ አወራች። ስለ እርጥቡ ሳጥን፣ ስለ ስፔን፣ ወደብ ላይ ስለሚባክነው አንድ ቀን፣ ከአባቷ እጅ ስለወደቀው ላስቲክ። በትምህርት ቤት ክርክር ላይ እንዲህ አውርታ አታውቅም። አያቷ አንድ ጊዜም አላቋረጧትም።

«አባትሽ ይሄን ለምን አልነገረኝም?»

«አማቱ ስለሆኑ።»

አያቷ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ሆሬስ በማርማላታ ስለ አገር ክብር ሰበከኝ፤ ሴትዮዋ በኬክ ስለ ኢኮኖሚ። ከእነዚያ ሁሉ አንድም ሰው ሎብስተር አላለኝም።» ከዚያ ሳቁ ጠፋ። እጃቸው ጠረጴዛው ላይ ቀረ። «ግን ስሚኝ የኔ ልጅ። ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህ ነገር ሰው ከሰው ተኳርፏል። ለገና በዓል አብሬው ምሳ የምበላው ወንድሜ ስልክ ካነሣልኝ ዓመት ሆነው። እኔ ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው፤ ጥቂት ቀን እንጨምር ሲሉኝ እፈራለሁ። እንዲያልቅ ነው የምፈልገው። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል።»

«ተሳስተዋል ብዬ ነው የማስበው» አለች ሮዌና ቀስ ብላ።

«ይሆናል። ድምፁ ግን የኔ ነው። የላይኛውን።»

መሳቢያውን ዳብሰው መቀስ አወጡና የኤዲትን ፖስታ ሳይከፍቱ አራት ቦታ ቆረጡት። ስለተደረበው ስም ነገ ለክበቡ እንድትደውልላቸው አዘዟት። ማክሰኞም አባቷ በመኪናው ያድርሳቸው፤ መንገድ ላይ ስለ ሎብስተሩ ራሱ ይንገራቸው። ይህን ብለው ተነሡና ሻይ ሊጥዱ ጀርባቸውን ሰጧት።

ሮዌና ከወረቀቱ ጋር ብቻዋን ቀረች። ሁለቱ ሳጥኖች የሚራራቁት በአንድ ጣት ያህል ነው። አያቷ ቢዞሩም አያዩም። ፖስታው ይታሸጋል፣ ይሄዳል፣ እስከ ዕድሜ ልክ ማንም አያውቅም። አባቷን አሰበች። ውሃው ማንቆርቆሪያው ውስጥ መንጫጫት ሲጀምር ብዕሩን አነሣችና ከላይኛው ስም ጎን ኤክስ አደረገች። ቀስ ብላ፣ ከሳጥኑ ሳታወጣ።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ።»

አያቷ ምን ላይ እንዳደረገች አልጠየቁም። ወረቀቱን ተቀብለው አጥፈው ፖስታው ውስጥ ከተቱ፤ ጠርዙን በምላሳቸው አርሰው በመዳፋቸው ተጫኑት። ሻዩን ቀዱና ወንበራቸው ላይ ተመቻችተው ተቀመጡ።

«ሌላ ደብዳቤ መጥቷል?»

«የዘር ማስታወቂያው ብቻ። ስድስት ገጽ ነው።»

«እንግዲያው አንብቢልኝ።»

ሮዌና የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠች። «ካሮት» ብላ ጀመረች፤ «በመጋቢት የሚዘራ፣ ቀይ፣ አጭር» እያለች ታች በደቃቁ የተጻፈውን ሳይቀር አንድም ሳትዘል ቀጠለች።